በአደይ ስም የታተመ አውራ ጣት

ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይ የጓሮውን ባሕር ዛፍ ጫፍ ነክታ ገና ወደ ደጁ ሳትወርድ፣ እታለም ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያልረገጠችውን ቤት ደጃፍ ተሻግራ ገባችና “እንዴት አደራችሁ” ካለች በኋላ ሌላ ቃል ሳትጨምር ከበርበሬው ክምር አጠገብ ተቀምጣ ዛላ ትቀነጥስ ጀመር። አደይ የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር፤ እጇ እዚያው ጉንጉኑ ላይ ቀረ። እታለም የባሏ እኅት ናት። ባሏ ገብረሰንበት ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥታ፣ ከለቀስተኛው ኋላ ቆማ አልቅሳ፣ ቤት ሳትገባ የተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ማንኩሳ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ እንኳ የጨው ዋጋ የምትጠይቅ መስላ ወደ ጎን የምትታጠፍ። ልጅቱ ወለተ ሐና አንገቷን አዙራ “እማዬ፣ ማናት?” አለች። “አክስትሽ ናት” አለች አደይ። “የት ነበረች?” ደግነቱ ልጅቱን በርበሬው አስነጠሳትና ጥያቄዋን ረሳችው።

ሰፈሩ አደይን “ተመስገን” ይላታል፤ ስሙን ያወጣችላት ጎረቤቷ ካሰች ናት። ሌባ ከሁለት ዶሮዎቿ አንዷን ቢወስድባት “ተመስገን፣ ሌላዋን ተወልኝ” የምትል ሴት ናትና ስሙ አልበዛባትም። ማክሰኞ ዕለት እንኳ፣ ከፍርድ ቤት የተላከው ሰው መሰላል አስደግፎ የቤቷን ቆርቆሮ ሲቆጥር፣ መሰላሉን ከታች የያዘችለት እሷው ነበረች። ሰውየው ሠላሳ ላይ ሲደርስ ደጅ የተሰጣው በርበሬ ያስነጥሰውና ቁጥሩ ይጠፋዋል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሳሳት ካሰች ከአጥሯ ማዶ ሆና “ኧረ ውረድ አንተ ሰው! አርባ ስምንት ነው፤ ሲመታ ቆጥሬዋለሁ!” አለችው። እሱም አመስግኖ ወረደና አርባ ስምንት ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የሐራጅ ማስታወቂያውን በሩ ላይ ሊለጥፍ ቢል ማጣበቂያ አልያዘም። “እመት፣ ትንሽ ሊጥ አይጠፋም?” አለ አፈር ብሎ። አደይ ገብታ በጣሳ ሊጥ አመጣችለት። ነገሩ የገባት ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፤ የገዛ ቤቷን መሸጫ ወረቀት በገዛ ሊጧ አስለጠፈች። በዕድሜዋ “ተመስገን” ሳትል የዋለችው ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ቤቱ ከፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ የቆመ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ላዩ ኖራ የተቀባ ነው። የኋላዋን ክፍል አንድ አስተማሪ በወር በስድስት ብር ተከራይቷታል፤ የፊቱ ክፍል አደይ ከልጇ ጋር የምትተኛበት፣ በርበሬ የምታዘጋጅበት፣ እንግዳ የምትቀበልበት ነው። ዘንድሮ ዛላ ፈረሱላው አሥራ አንድ ብር ገብቷል፤ ተቀንጥሶ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ በጣሳ ሲሸጥ ለእናትና ለልጅ ጉርስ ይሆናል። ዕዳውን ያመጣው የገብረሰንበት ወፍጮ ነው። ማንኩሳ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር የሞተር ወፍጮ ሊተክል ከቡሬው የእህል ነጋዴ ከአቶ ይሄይስ ዘጠኝ መቶ ብር ተበደረና ቤቱን በመያዣ ሰጠ። ወፍጮው አንድ ዓመት ፈጨ፤ ከዚያ አንድ ብረቱ ተሰበረና ዝም አለ፤ አሁን ዶሮ ይሰፍርበታል። ካቻምና ገብረሰንበት ሲሞት አቶ ይሄይስ ውሉን ከሣጥናቸው አወጡ። ከውሉ ግርጌ የባልየው ፊርማ አለ፤ ከጎኑ “ባለቤቱ ወይዘሮ አደይ” የሚል ጽሕፈትና የአውራ ጣት ማኅተም አለ። ቤቱ ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ነውና እሷ ካልፈረመች መያዣው አይጸናም፤ ከፈረመች ቤቱ ሄደ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች አንዲት ጣት ላይ ነው። አደይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ያለችው አንድ ቃል ነው፤ “እኔ አልፈረምሁም፤ ያን ጊዜ አራስ ነበርሁ።” ውሉ የካቲት ዘጠኝ ቀን 1953 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ተጻፈ ይላል፤ ወለተ ሐና የተወለደችው በጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። የአሥራ ዘጠኝ ቀን አራስ ደጇን አትሻገርም፤ እንኳን ቡሬ ወርዳ ጣቷን ቀለም ልትነክር። ይህን በሃምሳ ሳንቲም ማመልከቻ ጸሐፊ አስጽፋ አቀረበች፤ ዓመት ሙሉ በቀጠሮ ተመላለሰች። ውሉ ከዳኛ ወደ ጠበቃ፣ ከጠበቃ ወደ ጸሐፊ በራሷ ላይ ሲያልፍ ታያለች እንጂ እጇ ገብቶ አያውቅም፤ ፊደል የማትለይ ሴት ወረቀት ምን ታደርገዋለች ብለው ይሆናል። ሐራጁ ለታኅሣሥ አምስት ተቆርጧል። መቃወሚያዋ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰማው ዛሬ፣ ኅዳር ሃያ ቀን 1960 ነው።

እንግዲህ እታለም የመጣችው በዚህ ቀን ነው። አደይ ጉንጉኑን ጨርሳ ከበርበሬው ማዶ ተቀመጠች። ሁለቱ ማንኩሳ አጠገብ በአንድ መንደር ያደጉ፣ ከአንድ ምንጭ የቀዱ ናቸው። ልጆች ሳሉ ጤፍ አጨዳ ላይ ማጭድ የእታለምን አውራ ጣት ሲተለትለው፣ የቀሚሷን ጫፍ ቀዳ ያሰረችላት አደይ ናት። ኋላም “ለወንድሜ ከሷ ሌላ አይሆንም” ብላ ጋብቻውን ያስጀመረችው እታለም ናት። ወለተ ሐና ስትወለድ ክርስትና እናትነቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገም። በሰማንያኛው ቀን ግን ካህናቱ ተሰብስበው፣ ውኃው ተባርኮ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ እታለም አልመጣችም። ቢጠብቋት፣ ሰው እስከ መንገድ ቢልኩላት የለችም። በመጨረሻ ካሰች የድግሱን ጉድ ጉድ ጥላ፣ እጇን ተጣጥባ ሮጣ ሕፃኗን ታቀፈች። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ዝምታው ሥር ሰደደ፤ አንደኛዋ ለምን ቀረሽ ብላ አልጠየቀች፣ ሌላዋ በዚህ ምክንያት ቀረሁ አላለች። ታዲያ ዛሬ ምን ፈልጋ ነው? ወንድሟ ካቆመው ጣሪያ ድርሻ አለኝ ልትል? ወይስ ቤቱ ሲሄድ ልታይ? አደይ በዓይኗ ጠርዝ ታያታለች። እታለም ዛላውን የምትቀነጥሰው በግራ እጇ ነው፤ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣዋለች።

“ችሎት ልሄድ ነው” አለች አደይ በመጨረሻ።

“አውቃለሁ። አብሬሽ እሄዳለሁ።”

“ማን ጠራሽ?”

“ማንም።” እታለም ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ከፈተች።

በዚህ መካከል ካሰች የላስቲክ ጫማዋን አንጠልጥላ ገባች፤ በየቀጠሮው ለአደይ የምታውሳት ጫማ ነው፣ በአንድ ጣት ይሰፋታል። እታለምን ስታይ ቆመች። “እሰይ! ለክርስትናዋ የጠፋሽው ሰው፣ ዛሬ ለቤቱ ፍታት መጣሽ?” እታለም አፏን መልሳ ዘጋች። “ካሰች፣ ተይ በማርያም” አለች አደይ። “ምን አልሁ? ፍታት ላይ መገኘትም እኮ ጽድቅ ነው” ብላ ካሰች ጫማውን አስቀመጠች። ያም ሆኖ ጾም ነውና መንገድ ላይ እንዳይርባቸው ሽምብራ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻቸው፤ ከልጅቱም ጋር እሷ ቀረች። አፏ እንጂ እጇ ክፉ ሆኖ አያውቅም።

አቶ ይሄይስ ከቡሬ በእህል መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተጭነው፣ ኮታቸው ዱቄት መስሎ ቀድመው ደርሰዋል። አደይን ሲያዩ ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው ከፀሐይ አስጠለሏት፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። “እንዴት ሰነበቱ፣ እመት? ልጅቱስ?” “እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ ወገብዎን ተሻለዎ?” “መኪናው ያፈርሰዋል እንጂ ደህና ነበር።” ከዚያ ከኪሳቸው ለወለተ ሐና የሚላክ ከረሜላ ያወጣሉ፤ አደይም ቆሎዋን ትፈታላቸዋለች። ጠበቃቸው እጅጉ፣ ከአጭር ሱሪ በላይ ረዥም ጥቁር ካፖርት የሚለብሰው፣ ይህን ሲያይ ይበግናል። “አቶ ይሄይስ፣ ባላጋራዎ እኮ ናት!” “ታዲያ ባላጋራ ሆድ የለውም?” ይላሉ ቆሎውን በመዳፋቸው እያሹ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገንዘባቸውን ግን ይወዳሉ፣ ማንስ ይጠላል? አደይ ማታ ማታ ስትጸልይ “ደግ ባላጋራ ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን” ትላለች እያለች ካሰች ታወራባታለች። ዛሬ አቶ ይሄይስ ከአደይ ኋላ የቆመችውን ሴት አይተው “ይህችስ?” አሉ። “የገብረሰንበት እኅት ናት።” ትኩር ብለው አዩአት። “አዲስ አልሆኑብኝም። የት ነው የማውቅዎ?” እታለም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። አቶ ይሄይስ ያን ጊዜ ይብሱን የሚያውቋት መሰላቸው፤ ነገር ግን ጸሐፊው ስም ጠራና ሁሉም ገቡ።

ችሎቱ ባለአንድ መስኮት ጠባብ ክፍል ነው፤ ከዳኛው ጠረጴዛ ፊት ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ የቆመ ሰው። መጀመሪያ የአደይ የነፍስ አባት መምሬ ወልደ ዮሐንስ መሰከሩ። በዚያ ሰሞን በየሳምንቱ እየሄዱ ከደጅ ቆመው ጸሎት እንዳደረሱላት፣ ከውስጥ “አሜን” ስትል ድምፅዋን እንደሰሙ፣ ሚያዝያ አሥር ቀን ልጅቱን ራሳቸው ክርስትና እንዳነሷት ተናገሩ፤ የዕለቱንም ቅዱስ ገድል ሊቀጥሉ ሲሉ ዳኛው “ይበቃል አባቴ፣ ይበቃል” አሏቸው። እጅጉ ካፖርቱን ሰብስቦ ተነሣ። “ጌታዬ፣ አራስነት እስር ቤት ነው እንዴ? በር ላይ ዘብ ቆሞ ነበር? በቅሎ ላይ ወጥታ ቡሬ ደርሳ ብትመለስስ? በሕይወት ያለው ያንዱ ምስክር ቃል ‘ነጠላ የተከናነበች ሴት ከባልየው ጋር መጥታ አትማለች’ ነው!” ከኋላ የቆሙት ሴቶች አጉረመረሙ፤ አንደኛዋማ “ይህ ሰው ከሴት አልተወለደም” አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ ውሉን አንሥተው ግርጌውን ሲያዩ ቆዩና አንድ ነገር የከነከናቸው መሰሉ።

“ወይዘሮ አደይ፣ ይህን ማኅተም አይተውት ያውቃሉ?”

“አላየሁም ጌታዬ፤ ማን አሳይቶኝ?”

ዳኛው ጠበቃውን አዩት፤ ጠበቃው ጸሐፊውን አየው፤ ጸሐፊው ጣሪያውን አየ። “ይቅረቡ” አሉ ዳኛው፤ ወረቀቱንም በእጇ ሰጧት። አደይ ሐምራዊ ቀለም ያለበትን ቦታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ፊደሉን አታውቀውም። ጣቱን ግን አወቀችው። ከመካከሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀለም ያልነካው ቀጭን ነጭ መስመር አግድም አልፎበታል። የጤፉ ማሳ ፊቷ ላይ ተዘረጋ፤ ደሙ፣ የቀደደችው የቀሚሷ ጫፍ፣ “አታልቅሺ፣ አይቆረጥብሽም” እያለች ያጠበቀችው ቋጠሮ። በዚያው ቅጽበት ክርስትናው ገባት፤ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ የጨው ዋጋ መጠየቁም ገባት።

“የእርስዎ ነው?” አሉ ዳኛው።

“አይደለም።”

“የማን ነው ታዲያ? ያውቁታል?”

አደይ ብትናገር ጣሪያዋ ይተርፋል፤ እታለም ግን በሰው ስም አትማለችና ማምሻዋ ወህኒ ቤት ይሆናል፤ ማንኩሳ ሦስት ልጆች አሏት። ወረቀቱን አጥፋ ለዳኛው መለሰችላቸው። “የእኔ አለመሆኑን ብቻ ነው የማውቀው፣ ጌታዬ።” እጅጉ ዘለለ፤ “ይኸው! ባለቤት ካልተገኘለት የእሷው ነው!” ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። አደይ በልቧ አርባ ስምንቱን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ተሰናበተችው፤ ልጄ ጤነኛ ናት፣ እጄ ይሠራል፣ ካሰች ጓዳዋን አትነፍገኝም፣ ተመስገን ለማለትም ከንፈሯን አላቀቀች።

“በንጉሥ አምላክ ስሙኝ! የእኔ ነው!”

እታለም ሰዉን እየገፋች፣ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ወደ ላይ ይዛ መጣች። መናገር ከጀመረች ወዲያ የሚያቆማት አልተገኘም። “ወንድሜ ማንኩሳ ድረስ መጣና ‘አደይ አራስ ናት፤ አንቺ በእኔ ፋንታ ሂጂልኝ ብላሻለች’ አለኝ፣ ጌታዬ። ለአራስ ውኃ ይቀዱላታል፣ እንጨት ይለቅሙላታል፣ ገበያ ይሄዱላታል፤ ጣትም እንደዚያ መስሎኝ ሄድሁላት። በሳምንቱ ልጠይቃት ብገባ ሕፃኗን አቅፋ ሽቅብ እያየች ‘ይህ ጣሪያ የልጄ ነው፤ ማንም አይነካባትም’ አለችኝ። ያኔ እንዳልተነገራት አወቅሁ። ወንድሜን እንዳላጋልጥ ወንድሜ ነው፤ እሷን ዓይን ለዓይን ማየት ፈራሁ። በዚያ ጣት ልጇን ክርስትና ልታቀፍ አፈርሁና ቀረሁ።”

“የወንድሟን ሚስት ለማዳን የተላከች ናት!” አለ እጅጉ። ዳኛው ጸሐፊውን የቀለሙን ሣጥን አስመጡና እታለምን በባዶ ወረቀት ላይ አሳተሟት። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲይዟቸው ነጩ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው የቀጠለ መሰለ። በዚህ ጊዜ አቶ ይሄይስ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። “ኧረ እሷ ናት! ያን ቀን ጣቷን ከነከረች በኋላ ‘ይህ ቀለም ይለቃል?’ ብላ የጠየቀችኝ ናት! አዲስ አልሆነችብኝም አላልሁም?” እጅጉ ፊቱን በካፖርቱ ሸፈነ።

ዳኛው ረዥም ነገር ጽፈው አጭር ነገር ተናገሩ። ሚስት ያልፈቀደችበት መያዣ በጋራው ቤት ላይ አይጸናም፤ ሐራጁ ቀርቷል፤ ባለገንዘቡ ገንዘባቸውን ከሟቹ ሌላ ንብረት ይጠይቁ። ከዚያ ወደ እታለም ዞሩ። “በሰው ስም ማተም ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?” “ዛሬ አወቅሁ ጌታዬ።” “ዐቃቤ ሕግ ከፈለገሽ ትቀርቢያለሽ። ማንም ሳይጠራሽ በእግርሽ መጥተሽ መናገርሽን ግን እኔም መዝገቡ ላይ አስፍሬዋለሁ። አቶ ይሄይስ፣ እርስዎ ያመለክቱባታል?” አቶ ይሄይስ ጥላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ አዛወሩ። “እኔ? ገንዘቤን ፈለግሁ እንጂ የሰው እናት ላሳስር አልመጣሁም።” መምሬ ወልደ ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ ቅድም የተቋረጠባቸውን ገድል ከኋላ ቆመው ቀጠሉ።

ደጅ ሲወጡ የቀረው ቆሎ ተፈታ። “ባሌ የተበደረውን አልክድዎም” አለች አደይ። “ከዘንድሮ በርበሬ ጀምሬ በየዓመቱ አገባልዎታለሁ። እስከዚያ የወፍጮውን ድርሻ ይውሰዱት።” “ከነዶሮዎቹ?” አሉ አቶ ይሄይስ፤ ባለዕዳና ባለገንዘብ ዓመት ሙሉ ተከራክረው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ። ጥላቸውን አጥፈው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ የልጅቱ ከረሜላ በእጃቸው መቅረቱን አስታውሰው ተመለሱ።

ሁለቱ ሴቶች ዋናውን መንገድ ይዘው ጋሪ እያሳለፉ ሄዱ። ካሰች ያዋሰቻት ጫማ ኳ ኳ ይላል። “ለምን አልነገርሽኝም?” አለች አደይ። “ጠዋት ልነግርሽ አፌን ስከፍት ጫማው ገባ።” እንደገና ጥቂት ሄዱ። “አንቺስ?” አለች እታለም። “ወረቀቱን ሲሰጡሽ ከኋላ አየሁሽ። አውቀሽዋል። ቤትሽ ሲሄድ ለምን ዝም አልሽ?” አደይ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። “እኔ አይደለሁ ያሰርሁት? ያኔ በደንብ ባስረው ኖሮ ይህን ያህል ጠባሳ ባልተወ ነበር።” እታለም ልትስቅ ጀምራ አልቅሳ ጨረሰችው።

ቤት ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ኖሯል፤ ካሰች በሩ ላይ ቆማ የሐራጁን ማስታወቂያ በቢላዋ ትፍቃለች። “ይህ ሊጥሽ ከፍርዱ ይጠናል!” አለች። እታለም በቀኝ እጇ መቃኑን ደግፋ በግራዋ ወረቀቱን በውኃ ታርስ ጀመር። እጇን ስታነሣ ለእንቁጣጣሽ የተቀባው ነጭ ኖራ ላይ አውራ ጣቷ ታትሞ ቀረ፤ ሐምራዊ፣ በመካከሉ መስመር ያለው። “ወይኔ!” ብላ በነጠላዋ ልትጠርገው ስትል አደይ እጇን ያዘቻት።

“ተይው። ይህኛው በስምሽ ነው።”

ካሰች የወለተ ሐናን ትከሻ ገፋ አድርጋ “ሂጂ፣ ክርስትና እናትሽን ሳሚ፤ እኔ እስክትመጣ ነበር የያዝሁላት” አለች። ከዚያ ወዲህ አደይ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤቷን ኖራ ትቀባለች፤ ግድግዳው እንደ አዲስ ያበራል። መቃኑ አጠገብ ስትደርስ ግን ብሩሹን ቀስ አድርጋ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ዙሪያዋን ትዞራለች። ምን እያለች እንደምትዞር ለሰፈሩ መንገር አያስፈልግም።